ምን ጎደለው?

ጓደኛዬ ጡረታ የወጣ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሰፈራችን ካለች ቡና ቤት ተገናኝተን፣ እሱ ጥቁር ቡናውን እኔ ማኪያቶዬን ይዘን ሳምንቱን እናማዋለን። ባለፈው ቅዳሜ ግን ልንጣላ ምንም አልቀረን። የተጣላነው በመሬት አይደለም፤ በብድርም አይደለም፤ በልጆቻችን ጋብቻም አይደለም። በፊልም ነው። ሁለት ሽበታም ሰዎች በፊልም ሲጯጯሁ ያየች አስተናጋጅ ሒሳቡን ሳንጠራት ብታመጣ አልፈርድባትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓርብ ማታ በቴሌቪዥን «ግሪን ቡክ» የሚባለውን የአሜሪካ ፊልም አይቼ ነበር። በ2019 የኦስካርን የዓመቱ ምርጥ ፊልም ሽልማት የወሰደው ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ ሽልማቱም የእነሱ ነው።) ጓደኛዬም አይቶታል።

«እንዴት አገኘኸው?» አለኝ።

«ለስላሳ ነው።»

«ለስላሳ ማለት?»

«ለስላሳ ማለት እንደምታውቀው ለስላሳ። ሲጠጡት ይጣፍጣል፣ ጥም ግን አይቆርጥም።»

«አንተ ሰውዬ! ስንት ሺህ ባለሙያ ቁጭ ብሎ ምርጥ ነው ያለውን አንተ እዚህ ተቀምጠህ ለስላሳ ትላለህ? ማን ነኝ ብለህ ነው?»

መልሴን ሳላዘጋጅ አጠገባችን ላፕቶፑ ላይ ያቀረቀረ ወጣት ቀና አለ። «ይቅርታ ጋሼ፣ ጣልቃ ገባሁ» አለ በትሕትና። «በከንቱ ነው የምትደክሙት። ሽልማት እኮ በቃ ፖለቲካ ነው።»

ይኼኔ ጓደኛዬ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እሱስ እውነቱን ነው! የእኛን ‹ጤዛ›ን ቬኒስ ላይ ምን እንዳደረጉት አላየህም? ዘረፉት እንጂ!»

አያችሁልኝ? በሁለት ደቂቃ ውስጥ አንድ ሰው ሁለት ሃይማኖት ያዘ። ሽልማቱ የወደደውን ፊልም ሲያነሳለት «ዓለም የመሰከረለት» ነው፤ የወደደውን ሲያልፍበት «ፖለቲካ» ነው። በጓደኛዬ አልሳቅሁም። አብዛኞቻችን እንዲሁ ነን። ሁለቱም አቋሞች አንድ የጋራ ጥቅም አላቸውና፤ ከማሰብ ያድናሉ። አንደኛው «ባለሙያዎቹ ወስነዋል» ብሎ ይገላግላል፤ ሁለተኛው «ባለሙያዎቹ ሌቦች ናቸው» ብሎ ይገላግላል። በሁለቱም በኩል ስለ ፊልሙ አንድ ቃል መናገር አያስፈልግም። እኔ የምጣላው ከዚህ ጋር ነው።

መጀመሪያ «ስንት ሺህ ባለሙያ» የተባለውን እንየው። የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የተመሠረተው በ1927 ነው። ሐሳቡን ካነሱት ዋናው ሉዊስ ሜየር፣ የትልቁ የኤም ጂ ኤም ስቱዲዮ አለቃ ነበር። ሐሳቡም ሥነ ጥበብን ለመመዘን ሳይሆን፣ ባለሙያዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ስቱዲዮዎቹን ከማስቸገራቸው በፊት በአንድ ጣሪያ ሥር ለመሰብሰብ ነበር። ሽልማቱ በኋላ የተጨመረ ነው፤ የመጀመሪያው በ1929 በአንድ ሆቴል ግብዣ ላይ በሩብ ሰዓት ገደማ ታድሎ አለቀ። ማለትም ኦስካር ሲወለድ አንድ የሙያ ማኅበር ለራሱ አባላት የሚያጨበጭብበት ግብዣ ነበር። ይህ ነውር አይደለም። ግን የሙሴ ጽላትም አይደለም።

ዛሬ ድምፅ የሚሰጡት አባላት 10,000 ገደማ ናቸው። በ2012 ሎስ አንጀለስ ታይምስ የአባላቱን ማንነት አጣርቶ ሲያወጣ፣ 94 በመቶው ነጭ፣ 77 በመቶው ወንድ፣ ግማሹም ከ62 ዓመት በላይ ሆኖ ተገኘ። እኔም ወደዚያው ዕድሜ እየተጠጋሁ ስለሆነ በሽማግሌ አልስቅም። ግን ሽማግሌ ምን ዓይነት ፊልም ማታ እንደሚወድ አውቃለሁ፤ የማያስነሳ፣ የማያስደነግጥ፣ ሲያልቅ «ዓለም እኮ ደግ ናት» አሰኝቶ የሚያስተኛ።

ቀጥሎ የቆጠራውን ነገር ስሙ። ከ2009 ወዲህ ለምርጥ ፊልም የሚሰጠው ድምፅ «አንዱን ምረጥ» አይደለም። መራጩ ዕጩዎቹን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል ይጽፋል። ጥቂት አንደኝነት ያገኘው ፊልም ይወድቅና የእሱ ደጋፊዎች ድምፅ ሁለተኛ ብለው ለጻፉት ይተላለፋል፤ እንዲህ እየተባለ አንዱ ከግማሽ በላይ እስኪያገኝ ይቀጥላል። ለሠርግ አንድ ወጥ ብቻ ይሠራ ቢባል የሚሆነውን አስቡት። ግማሹ ዘመድ «ያለ ክትፎ ሞቼ እገኛለሁ» ይላል፤ ሌላው ጥሬ ሥጋ አይቶ ይሸሻል። አንዱ ዶሮ በሚጥሚጣ ይላል፤ ሌላውን ጨጓራው ይከለክለዋል። መጨረሻ ላይ ማን ያሸንፋል? አልጫ! ማንም አንደኛ አላደረገውም፤ ማንም ግን መጨረሻ አልጣለውም። አልጫ ክፉ ምግብ አይደለም። ግን «የዓመቱ ምርጥ ወጥ» ተብሎ ሐውልት ሲሰጠው ክትፎ ወዳዱ ቢቆጣ አይፈረድበትም።

ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ይኼ ነው። አንድ አባል በመጨረሻው ዙር ድምፅ ለመስጠት በዘርፉ የታጩትን ፊልሞች በሙሉ ማየት አለበት የሚለውን ደንብ አካዳሚው ለሁሉም ዘርፎች ያወጣው በ2025 ነው! ከዚያ በፊት በአብዛኞቹ ዘርፎች ያላየውን ፊልም እየዘለለ ድምፁን መስጠት ይችል ነበር። እኔ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ልብ ወለዱን ሳያነብ ፈተና የሚቀመጥ ተማሪ ነበረኝ። እንዲያርም ግን አልፈቀድኩለትም።

ስለዚህ ለጓደኛዬ የመጀመሪያ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ማን ነኝ? ፊልሙን ያየሁ ሰው ነኝ። ለአንድ ክርክር ይኼ ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ወደ ፊልሞቹ እንግባ፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና። በ1989 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ፊልሞች ወጡ። ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ በዚያ አገር ነጭና ጥቁር አብረው እንዴት ይኖራሉ? አንደኛው «ድራይቪንግ ሚስ ዴይዚ» ነው። አትላንታ ውስጥ የምትኖር ሀብታም አይሁዳዊት አሮጊትና ሆክ የሚባል ጥቁር ሾፌሯ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ አብረው ይኖራሉ። መጀመሪያ ትጠላዋለች፣ ቀስ በቀስ ትለምደዋለች፣ በመጨረሻ የቅርብ ወዳጇ እሱ እንደሆነ ትነግረዋለች። ሁለተኛው የስፓይክ ሊ «ዱ ዘ ራይት ቲንግ» ነው። ብሩክሊን፣ አንድ ሰፈር፣ የዓመቱ ሞቃት ቀን። የሰፈሩ ሰው ጥቁር ነው፤ ፒዛ ቤቱ የጣሊያኖች ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ፎቶዎች ሁሉ የጣሊያን ተወላጆች ናቸው። አንዱ ወጣት «ገንዘቡን የምናወጣው እኛ፣ ግድግዳው ላይ የእኛ ሰው የሌለው ለምንድነው?» ይላል። ከዚያች ትንሽ ጥያቄ ተነስቶ ሲመሽ ፖሊስ አንድ ወጣት አንቆ ይገድላል፤ ፒዛ ቤቱም ይቃጠላል።

በ1990 ኦስካር ምርጥ ፊልም የተባለው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ለምርጥ ፊልም ከታጩት አምስቱ ውስጥ እንኳ አልገባም። በዚያች ምሽት ኪም ቤዚንገር የምትባለው ተዋናይት መድረክ ላይ ወጥታ ከተሰጣት ንግግር ወጣ አለችና፣ ዝርዝሩ ውስጥ መኖር ሲገባው የቀረ ፊልም አለ፣ ምናልባትም ከሁሉ ትልቁን እውነት የሚናገረው እሱ ነው ብላ ስሙን ጠራች። እኔ ይህችን ሴት አከብራታለሁ። «ፖለቲካ ነው» ብላ ቤቷ አልቀረችም፤ «አካዳሚው ያውቃል» ብላም ወረቀቷን አንብባ አልወረደችም።

ጓደኛዬ እዚህ ላይ «እሺ፣ አንተስ ለምን ሁለተኛው ይበልጣል ትላለህ?» አለ። የጠበቅሁት ጥያቄ ነበር።

«ድራይቪንግ ሚስ ዴይዚ» መጥፎ ፊልም አይደለም። ጄሲካ ታንዲና ሞርጋን ፍሪማን ሲጫወቱ እያዩ መጥፎ ነው ማለት ግፍ ነው። ጉድለቱ ሌላ ነው። ስለ አሮጊቷ ቤት፣ ስለ ልጇ፣ ስለ ጓዳዋ፣ ስለ ትዝታዋ ብዙ እናውቃለን። ስለ ሆክስ? ማታ ቤቱ ሲገባ ምን ይላል? ብቻውን ሲሆን ስለ እመቤቲቱ ምን ያስባል? ፊልሙ የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው። ሆክ የተሠራው እሷ ደግ እንድትሆን ነው። አንዱ ሰው ሙሉ ሆኖ ሌላው ለእሱ መስተዋት ብቻ የሆነበት ታሪክ የወዳጅነት ታሪክ ነው ቢባል ለመቀበል ይቸግረኛል።

በ«ዱ ዘ ራይት ቲንግ» ግን መስተዋት የለም። የፒዛ ቤቱ ባለቤት ሳል ክፉ ሰው አይደለም፤ የሰፈሩ ልጆች የእሱን ፒዛ በልተው በማደጋቸው ይኮራል። ግን ያችን የስድብ ቃል ከአፉ ያወጣል። ተላላኪው ሙኪ ጀግና አይደለም፤ ሰነፍ ነው፣ ልጁን በቅጡ አይጎበኝም። ግን የቆሻሻ በርሜሉን አንስቶ መስኮቱ ላይ የሚወረውረው እሱ ነው። ትክክል አደረገ? ፊልሙ አይነግረንም። ሲያልቅ የማርቲን ሉተር ኪንግንና የማልኮም ኤክስን እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ሁለት አባባሎች አከታትሎ ጽፎ ይለቀናል። ፍርዱን ለእኛ ጥሎ ይሄዳል። አንደኛው ፊልም ሲያልቅ ጥያቄውም አብሮት ያልቃል፤ ሁለተኛው ሲያልቅ ጥያቄው ተከትሎን ቤት ይገባል። የእኔ ሚዛን ይኼ ነው። የተሻለ ሚዛን ያለው ያምጣ፣ እንመዝናለን።

ጊዜስ ምን ፈረደ? በ1999 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ከሚጠብቃቸው ፊልሞች መዝገብ «ዱ ዘ ራይት ቲንግ»ን አስገባው፤ አንድ ፊልም ለዚያ መዝገብ የሚፈቀድለትን አሥር ዓመት እንደሞላ ማለት ነው። በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ ሲገደል ሰው ሁሉ የዚያን ፊልም የማነቅ ትዕይንት አስታወሰ። በ2019 ደግሞ ታሪክ ራሷን ደገመች። ስፓይክ ሊ በ«ብላክክላንስማን» ለምርጥ ፊልም ታጨ። አሸናፊው ማን ሆነ? ዓርብ ማታ ያየሁት፣ ነጭ ሾፌር ጥቁር ሙዚቀኛ ይዞ ደቡብ አሜሪካን ግዛቶች የሚዞርበት «ግሪን ቡክ»! ከታሪኩ ጸሐፊዎች አንዱ የሾፌሩ ልጅ ነው፤ የሙዚቀኛው ቤተሰቦች ግን ሥዕሉ የእኛን ሰው አይመስልም ብለው በአደባባይ ተቃውመዋል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የተለወጠው መሪውን የያዘው ሰው ብቻ ነው። ስፓይክ ሊ ራሱ ያን ማታ፣ መኪና የሚነዳ ሰው በመጣ ቁጥር እኔ እሸነፋለሁ በሚል መንፈስ ቀልዷል።

በነገራችን ላይ ይህ ስሕተት አዲስ አይደለም። ኦርሰን ዌልስ በ25 ዓመቱ የሠራው «ሲቲዝን ኬን» በ1942 በዘጠኝ ዘርፎች ታጭቶ ያገኘው የጽሑፍ ሽልማቱን ብቻ ነው። ምርጥ ፊልም የተባለው የጆን ፎርድ «ሃው ግሪን ዋዝ ማይ ቫሊ» ነበር። ከ1962 እስከ 2002 በየአሥር ዓመቱ ዓለም አቀፍ ሐያስያን በ«ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት ድምፅ ሲሰጡ ግን አንደኛ ሆኖ የኖረው የተሸነፈው ነው። ሒችኮክም በውድድር የዳይሬክተርነት ኦስካር ሳያገኝ ሞተ።

አሁን ወደ ወጣቱ ልምጣ። «እንግዲያው ልክ ነኛ!» ይላል። «ይኸው ራስዎ ዘረዘሩት፤ ሁሉም ፖለቲካ ነው።»

የለም ልጄ። «ሁሉም ፖለቲካ ነው» ያልከው እውነት ቢሆን ኖሮ መከራከር ምንም ባልለወጠ ነበር። ግን ለውጧል። በ2015 እና በ2016 በትወና ዘርፎች የታጩት ሃያዎቹም ሰዎች፣ ሁለት ዓመት በተከታታይ፣ ነጮች ነበሩ። ሰዎች ጮኹ፤ ስም እየጠሩ፣ ፊልም እየጠቀሱ፣ «እገሌ በዚህ ፊልም እንዲህ ተጫውቶ እንዴት ይቀራል?» እያሉ ጮኹ። በጥር 2016 አካዳሚው የሴቶችንና የሌሎች ዘሮችን አባላት ቁጥር በ2020 እጥፍ አደርጋለሁ አለ፤ ከሌሎች አገሮችም ብዙ ሰው አስገባ። በ2017 «ሙንላይት» አሸነፈ፤ መጀመሪያ የሌላ ፊልም ስም በስሕተት ተጠርቶ፣ ሰዎቹ መድረክ ላይ ቆመው እያመሰገኑ ሳለ ፖስታው ተቀየረ። በ2020 የኮሪያው «ፓራሳይት» በእንግሊዝኛ ካልሆኑ ፊልሞች የመጀመሪያው ምርጥ ፊልም ሆነ። ሁለቱም ያሸነፉት አልጫ ያነግሣል ባልኩት በዚያው ቆጠራ ነው። ስለዚህ እኔም ራሴን ላርም፤ ቆጠራው ብቻውን አይፈርድም። የሚፈርዱት የሚቆጠሩት ሰዎች ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ክርክር ይለውጣቸዋል።

የአሠራር በደል የለም እያልኩም አይደለም። በ2019 የናይጄሪያው «ላየንኸርት» ከዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ የተሰረዘው አብዛኛው ንግግሩ እንግሊዝኛ ነው ተብሎ ነው። ዳይሬክተሯ ጄኔቪቭ ናጂ፣ በብዙ ቋንቋ የምንናገር ሰዎች የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው፣ ማን ቅኝ እንደሚገዛን ደግሞ እኛ አልመረጥንም ብላ መለሰች። ይኼ ስም ያለው በደል ነው፤ ደንቡ ይኼ፣ ጉዳቱ ይኼ ተብሎ ይጠቆማል። «ሁሉም ፖለቲካ ነው» ግን ስም የለውም። ስም የሌለውን በደል ማንም አያርመውም።

ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ፤ ወደ «ጤዛ»። መስከረም 2008 ቬኒስ ላይ ምን ሆነ? በ1932 በተጀመረው የዓለም አንጋፋ የፊልም በዓል፣ የዳኞቹ ሰብሳቢ ጀርመናዊው ዳይሬክተር ቪም ቬንደርስ ነበር። (በ1989 ካን ላይ «ዱ ዘ ራይት ቲንግ» ወርቃማውን ዘንባባ ሲያጣም ሰብሳቢው እሱ ነበር። ስፓይክ ሊ እንደሚለው ሰብሳቢው ሙኪ ጀግና አይደለም ብሎ ነው የጣለው።) ወርቃማው አንበሳ ለዳረን አሮኖፍስኪ «ዘ ሬስለር» ተሰጠ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የዳኞቹን ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን ወሰደ። በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን የየኔንጋ ወርቃማ ፈረስ ጨመረ። በአንድ ምሽት ሁለት ሽልማት የወሰደ ፊልም «ተዘረፈ» አይባልም። ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። «አንተ ለእንግዳ ትከራከራለህ» አለኝ።

እንዲያውም እንደሱ አምናለሁ፤ አንበሳው ለ«ጤዛ» ይገባው ነበር። ግን «የእኛ ስለሆነ» አይደለም፤ «ታሪኩ ትልቅ ስለሆነ»ም አይደለም። ትልቅ ታሪክ ይዞ ትንሽ ፊልም የሠራ ስንት አለ! «ዘ ሬስለር» ግሩም ፊልም ነው። ያረጀ ታጋይ፣ የደከመ ልብ፣ የራቀችው ልጁ፣ የሱፐርማርኬት ሥራው፤ ሚኪ ሩርክ በዚያ በተጎዳ ገላው የሰውን ውርደት ያሳየናል። የሚሠራውን በልኩ ቆርጦ፣ ሳይጎድል ሳይተርፍ ሠርቶታል። «ጤዛ» ግን ልክ አያውቅም። 140 ደቂቃ ነው። የጀርመኑ ክፍል ላይ ተማሪዎቹ አንዳንዴ እንደ ሰው ሳይሆን እንደ በራሪ ወረቀት ያወራሉ። ይህን መካድ አልችልም፤ እኔ የዚያ ትውልድ ታናሽ ወንድም ነኝ፣ ታላላቆቻችን እውነትም እንዲያ ያወሩ ነበር፤ ቢሆንም ፊልም ውስጥ ያደክማል።

ታዲያ ለምን ይበልጣል? አንበርብር እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተበጣጥሶ እናቱ ቤት ይመለሳል። ፊልሙም እንደ እሱ ትዝታ የተበጣጠሰ ነው። ጀርመን፣ አዲስ አበባ፣ የጣና ዳር መንደር፣ ልጅነት፤ ቅደም ተከተል የለም። መጀመሪያ ተመልካቹ ይናደዳል። ቀስ እያለ ግን አንበርብር የጠፋውን ሲለቅም እኛም አብረን እየለቀምን እንደሆነ ይገባናል። የመንደሩ ወጣቶች አፈሳ ሸሽተው ዋሻ ገብተዋል፤ የተማረው ሰው ደግሞ ከዓለም ሸሽቶ እናቱ ጎጆ ገብቷል። ልዩነቱ ምንድነው? ፊልሙ አይጠይቅም፤ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። «ዘ ሬስለር» የሚያውቀውን በደንብ ነገረን። «ጤዛ» እኛ ራሳችን ገና ያልጨረስነውን፣ የተሰበረውን ነገር እጃችን ላይ ጥሎ «ግጠሙት» አለን። እንከኑ የዚያ ድፍረት ዋጋ ነው። እንከን የሌለው ትንሽና እንከን ያለው ትልቅ ሲወዳደሩ ዳኛ ሁሉ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ቬንደርስና ባልደረቦቹ የመጀመሪያውን መረጡ። ባለጌዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ሌላ ሚዛን ስለያዙ ነው። ጓደኛዬ ግን እንከኑን ስናገር «ለእንግዳ ተከራከርክ» አለ። ፍቅር እንዲህ ከሆነ ለፊልሙ ውለታ አይደለም። እንከኑን ያላየ ሰው ትልቅነቱንም አላየም።

ኦስካርን በተመለከተ፣ ዓለም አቀፍ በሚባለው ዘርፍ አንድ አገር በዓመት አንድ ፊልም ብቻ ነው የምታቀርበው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረበችው በ2010 የአበበ ቢቂላን ታሪክ የሚተርከውን «አትሌቱ»ን ነው፤ ከዚያ በ2014 «ድፍረት»ን፣ በ2015 «ላምብ»ን። ሦስቱም አልታጩም። ኃይሌ በ1993 ለ«ሳንኮፋ» አሜሪካ ውስጥ አከፋፋይ ሲያጣ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ራሱ አሳይቷል። ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ አንዱንም ፊልሙን ያላጨው አካዳሚ የፊልም ሙዚየሙን ሲከፍት ጠርቶ ሸለመው። ደግ አደረገ። ግን ሰውዬው እስከዚያ ድረስ ሲጠብቅ አልተቀመጠም።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ያልነገርኳችሁ ነገር ግን አለ፤ ይህን ሁሉ ስለ ሩቅ አገር ዳኞች የምለፈልፈው ምናልባት እሱን ላለመናገር ይሆናል።

ከብዙ ዓመት በፊት ገና ሳስተምር፣ አንድ የአገር ውስጥ የፊልም ውድድር ላይ ዳኛ ሁን ተብዬ ተጠራሁ። አምስት ነበርን። ፊልሞቹን በሲዲ ሰጡን፤ ቤቴ ወስጄ አንድ በአንድ አየሁ። ከመካከላቸው አንዷ አልወጣ አለችኝ። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት እናት ሊጡ ደርሶ፣ ምጣዱ ተሰምቶ፣ መብራት ይጠፋባታል። በቃ፤ ታሪኩ ይኸው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ምጣዱ አጠገብ ትጠብቃለች። ሊጡ ይኮመጥጣል። ሊነጋ ሲል መብራት ይመጣል፤ እናት እንቅልፍ ጥሏታል፤ ትንሿ ልጅ ትነሳና ማንንም ሳትቀሰቅስ መጋገር ትጀምራለች። ድምፁ ጥሩ አልነበረም፤ አንዳንድ ቦታ ጨለማው ከልክ አልፏል። ግን ያቺ ልጅ ማዝጊያውን ስታነሳ እኔ ሽማግሌው ሳሎኔ ውስጥ ብቻዬን አለቀስኩ።

ስብሰባው ላይ ሰብሳቢያችን ሌላ ፊልም አነሱ። ስመ ጥር ተዋናይ ያለበት፣ ሲኒማ ቤት ወራት የቆየ የፍቅር ኮሜዲ። «ሕዝቡ ፈርዶታል፣ እኛ ምን እንጨምራለን?» አሉ። ሁለቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተቃውሞ አለ?» ተባለ። ጠረጴዛው ላይ አምቦ ውሃና የአበል ፖስታ አለ። ሰብሳቢው ታላቄ ናቸው። ሰዓቱ ሄዷል፤ ታክሲ ይጠፋል። እኔ፣ በክፍል ውስጥ ሁለት ሰዓት ስለ አንድ ዓረፍተ ነገር የምከራከር ሰው፣ ምን አልኩ? ምንም። ፈረምኩና ወጣሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ማንም ጉቦ አልሰጠኝም። ወጣቱ የሚለው ፖለቲካ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። የነበረው ዝምታ ነው።

ከሳምንታት በኋላ የዚያችን ፊልም ሠሪ መንገድ ላይ አገኘሁት። ለካ ተማሪዬ ነበር፤ ስሙን ፊልሙ ላይ አይቼ አላስታወስኩትም። በአክብሮት ሰላም አለኝና «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ምን ጎደለው?» አለኝ። ለምን አልተሸለምኩም አላለም። ለምን በደላችሁኝ አላለም። ምን ጎደለው ነው ያለው። እኔ «ዳኝነት እንግዲህ እንዲህ ነው፣ በርታ» ብዬ ትከሻውን መታ መታ አደረግሁት። ለሲ ያገኘ ድርሰት ሁለት ገጽ እርማት በቀይ እስክሪብቶ የምጽፍ መምህር፣ ላስለቀሰኝ ፊልም አንድ ዓረፍተ ነገር አጣሁ። ዛሬ ያ ልጅ የሠርግ ቪዲዮ ይቀርፃል። የተከበረ ሥራ ነው፤ ጥሩም ያገኛል መሰለኝ። ሌላ ፊልም መሥራቱን ግን አልሰማሁም።

ሽልማቱን ባገኝ ኖሮ ይቀጥል ነበር አልልም። ኃይሌም፣ ስፓይክ ሊም ሳይሸለሙ ቀጥለዋል። ግን እነሱ ቢሸነፉም ስለ ፊልማቸው የሚጣላ ሰው ነበራቸው። መድረክ ላይ ወጥታ ስሙን የምትጠራ ተዋናይት፣ በጋዜጣ የሚሟገት ሐያሲ፣ ሲኒማ ቤት በር ላይ የሚሰለፍ ተመልካች። የእኔ ተማሪ ምን ነበረው? አንድ የሚወደው ዳኛ ነበረው፤ እሱም ዝም አለ።

ስለዚህ እኔ የምለው አጭር ነው። ዳኞች ሆይ፣ አሸናፊውን ስትጠሩ ምክንያታችሁን አንድ ገጽ ጻፉ፤ ለተሸነፈውም አንድ አንቀጽ። ተመልካቾች ሆይ፣ «ዓለም ፈርዶታል» አትበሉ፤ «ተዘርፈናል»ም አትበሉ። የትኛው ትዕይንት፣ የትኛው ንግግር፣ የትኛው ፍጻሜ እንደሚበልጥ ንገሩንና ተጣሉን። ሽልማቱ ከሰጪው እጅ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ይኸው ጭቅጭቅ ብቻ ነው፤ «ሲቲዝን ኬን»ን ያቆየውም ሐውልት አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ ሒሳብ ከፍለን ስንወጣ ጓደኛዬ አሁንም አኩርፎ ነበር። በር ላይ ሲደርስ ዘወር አለና «ቆይ፣ ያ የመኪናው ፊልም ግን ሙዚቀኛውና ሾፌሩ ዶሮ የሚበሉባት ቦታ ጥሩ አልነበረችም?» አለኝ።

«ጥሩ ነበረች» አልኩት። «ግን ንገረኝ፣ ለምን ጥሩ ሆነች?»

ቆመ። አሰበ። «ቅዳሜ እነግርሃለሁ» አለ።

እየጠበቅሁ ነው።